ደረቅ የሽንት ጨርቅ

ልጄ በረሃብ ከእጄ ልትወጣ ስትል እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ይኼን ስናገር ሰው ዓይኑን ያፈጥብኛል፤ ያፍጥ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ባሌም ደስ ብሎት ነበር፣ አማቴም እያቅማሙም ቢሆን ደስ ብሏቸው ነበር። ሦስት ጤነኛ ሰዎች አንዲት ጨቅላ ከበን እንሳሳቅ ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ክው እላለሁ። ነገሩ የጀመረው ከጨርቅ ነው፤ እኔም ከዚያው ልጀምር።

ሥራዬ አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ነው። የትኛው መኪና ከየትኛው በር እንደሚነሣ በድምፅ ማጉያ የምለፈልፈው እኔ ነኝ። ቤት ውስጥ እንኳ ድምፄን ከፍ ሳደርግ ጎረቤት ሻንጣውን የሚያነሣ ይመስለኛል። የምቀመጥባት ክፍል ፎቅ ላይ ናት፣ መስኮቷ የሚከፈተው ግን በቆሻሻ መጣያው ላይ ነው። ሌላው ቆሻሻ ይነሣል፣ ይበሰብሳል፣ ነፋስ ይወስደዋል። ዳይፐር ወይ ፍንክች። ውሻ ይጎትተዋል፣ ይዘነጥለዋል፣ ውስጡ ያለው ነጭ ነገር ዝናብ ሲነካው ያብጥና መሬቱን ያለብሰዋል። እናቶቹ መኪና ሊያመልጣቸው ሲል ጠቅልለው ወንበር ሥር ጣል ያደርጉና ይሮጣሉ። አልፈርድባቸውም፣ ኑ ብዬ የጠራኋቸው እኔው ነኝ። እርጉዝ ሆኜ ግን ያ ሽታ በመስኮት ሲገባ አፍንጫዬን በነጠላዬ አፍኜ ነበር የምለፈልፈው። አንድ ቀን ማጉያውን ሳላጠፋ «ኤጭ፣ የእኔ ልጅስ ይኼን ሲያደርግ አላይም» ብዬ ቁጭ። መናኸሪያው በሙሉ ሰማኝ። ከዚያ በኋላ በምን አፌ ልመለስ?

እሑድ ምሳ ላይ አማቴ ባሉበት ተናገርኩ። «ለልጃችን ዳይፐር አንገዛም። በጨርቅ ነው የምናሳድገው፣ እያጠብን።»

ባሌ የጎረሰውን ሳያላምጥ አየኝ። ባሌ ሶፋ ሠሪ ነው። ሰውነቱ ለስላሳ፣ ጠባዩ ለስላሳ፣ ሲቆርጥ የሚውለውም ስፖንጅ ስለሆነ ሰፈሩ በሙሉ ስፖንጅ ነው የሚለው። እኔም ስፖንጅ ነው የምለው፣ የገዛ ስሙን ከጠራሁትማ የተጣላን ይመስለዋል።

«በእጅ?» አለኝ።

«አይ፣ በእግር» አልኩት።

አማቴ ግን ማንኪያቸውን አስቀመጡ። እኔ ደግሞ «ጎሽ የእኔ ልጅ» ይሉኛል ብዬ ነበር፤ ልጆቻቸውን ሁሉ በጨርቅ አይደል ያሳደጉት?

«እኛ በጨርቅ ያሳደግነው ቸግሮን ነው እንጂ አምሮን መሰለሽ?» አሉ። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ። መገጣጠሚያው ሁሉ አብጧል፣ ጥፍራቸው ሳስቷል። «ይኼ እጅ ጨርቅ ሲያሽ የኖረ እጅ ነው። እኛ ሸሽተን የወጣንበትን አንቺ ሮጠሽ ልትገቢበት ነው።»

«ጊዜው ተለውጧል እማማ። አሁን ቧንቧው ቤት ውስጥ ነው።»

«ቧንቧ ይለቀልቃል እንጂ አያሽም፣ ልጄ። ማን ይናገር የነበረ።» ፊታቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ። «ወር ሳይሞላት ሱቅ ካላከችህ ከምላሴ ጸጉር ይነቀል።»

እኔ ደግሞ አትችዪም ከተባልኩ አለቀ፣ ግድግዳ ነው የምገፋው። ሱቅ የምልክ ከሆነ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ጠቡ ያን ቀን ተጀመረ። ተሳስቀን ነው የተለያየነው፣ ግን ሁለታችንም ቂም ይዘናል።

ስፖንጅ አንድ ሁለት ቀን ተደናግጦ ከረመና ከዚያ የሙያው ነገር አላስቀምጥ አለው። ከሥራ ሲመለስ በፌስታል የጨርቅ ቁርጥራጭ ይዞ ይመጣና ጠረጴዛው ላይ ይደረድረዋል። በሻይ ማንኪያ ውሃ እያንጠባጠበ ያያል። «ይኼ ያንሳፍፋል። ይኼ ይጠጣል፣ ግን ይተፋል። ይኼኛው ይጠጣና ላዩ ደረቅ ይሆናል።» መጨረሻ ላይ የፎጣ ጨርቅ በፎጣ ላይ ደርቦ፣ ላዩን በለስላሳ ጥጥ አልብሶ፣ ዙሪያውን በሶፋ ስፌት አጥብቆ ሰፋው። አንድ ብርጭቆ ውሃ አፈሰሰበትና እጄን ይዞ ላዩ ላይ አስቀመጠው። «እስኪ ውሃ አለበት ብሎ የሚምል ሰው አምጪልኝ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ እጄን ምንም እርጥበት አልነካውም። እንደዚያ ኮርቶ አይቼው አላውቅም፤ ሠርጋችን ቀን እንኳ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

ልጅቷ ተወለደች። አነስ ያለች ናት፣ ሚጢ አልናት። አማቴ ሊያግዙኝ ጠቅልለው መጥተው ሳሎን ሰፈሩ። እኔም ለጦርነቱ ተዘጋጅቻለሁ፤ ሁለት ሳፋ፣ አንድ ባልዲ፣ አንድ ካርቶን ሳሙና፣ በረንዳው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ገመድ። ሴቶቹ የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አስፈራርተውኛል። ገና አጥበሽ ሳትጨርሺ ሌላው ይመጣል፣ ጀርባሽ ይቆረጣል፣ ባልሽ ይጠፋል ብለውኛል።

የሚታጠብ ነገር ጠፋ።

ስፖንጅ ከሥራ ይመጣል፣ እጅጌውን ይሰበስባል፣ «የታለ?» ይላል። ሁለት ጨርቅ እሰጠዋለሁ። በእነዚያም ላይ ቢሆን እርጥበቷን በስንት ፍለጋ ነው የምናገኘው። «በቃ?» ይላል። «በቃ» እለዋለሁ። እንተያይና እንስቃለን። ሚጢ ትተኛለች። ጡት ስሰጣት ሁለት ሦስቴ ጠቅ ጠቅ ታደርግና ታንቀላፋለች። ያ ድምፅ የመጥባት ድምፅ መስሎኝ ነበር። ማን ነግሮኝ ልወቅ? ከዚያ በፊት ልጅ አጥብቼ አላውቅ።

«ጨርቁ ነው» ይላል ስፖንጅ ደረቱን ነፍቶ። «ውጦ ነው የሚያስቀረው።»

«ጨርቅ ምን ያውቃል፣ ልጅቷ ናት እንጂ» ይላሉ አማቴ። «ጨዋ ናት። ጨዋ ልጅ እኮ ድምጿም አይሰማ፣ ጨርቅም አታበዛ።»

እኔ መሀል ገብቼ «ታዲያ ያ ከምላስዎ የሚነቀለው ጸጉር መቼ ነው እማማ?» እላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ይቆጡ ነበር። ኋላ ግን ባዶውን ገመድ አይተው «እንዲህስ ከሆነ ጨርቅም አይከብድ፣ አሸንፈሽኛል» አሉኝ። የልብ ልብ ሰጠኝ። ገመዱን ፎቶ አንሥቼ ለመናኸሪያዎቹ ላክኩላቸው። ሁለት ጨርቅ ብቻ ነፋስ ሲያወዛውዛቸው ይታያል። ሁሉም ጉድ አሉ። አንዷ «ልጅ ነው የወለድሽው ወይስ አሻንጉሊት?» ብላ ጻፈችልኝ፣ እኔም እያነበብኩ ስንከተከት ዋልኩ።

አንድ ቀን ጨርቁ ላይ የሸክላ ቀለም ያለው ነገር አየሁ። ደም መስሎኝ ጮህኩ። ስፖንጅን ጠራሁት። ወደ መስኮቱ ወስዶ አየው፣ በአውራ ጣቱ ጥፍር ፋቅ ፋቅ አደረገው፣ ፈገግ አለ።

«ዝገት ነው» አለ። «የአሮጌ ሶፋ ሞላ ጨርቅ ላይ እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ ስንቱን አይቻለሁ። ጨርቁን ያያዝንበት መርፌ ቁልፍ ዝጎ ነው።»

ሙያተኛ ተናገረ፣ እፎይ አልኩ። ከሰዓቱን ሙሉ መርፌ ቁልፉን እየጣለ የላስቲክ አዝራር ሲተክል ዋለ። በነጋታው ያው ቀለም መጣ። «የአዝራሩ ቀለም ለቆ ነው» አለና ነጭ አዝራር ገዝቶ መጥቶ እንደገና ተከለ። አማቴ አጠገቡ ተቀምጠው ክር ይመርጡለት ነበር። የሚጢ ፊት ቢጫ ቢጫ ማለት ሲጀምርም ቀና ብለው አይተዋት «ይቺስ ቀይ ልትሆን ነው» አሉ። ቀይ ልጅ ደግሞ ማን ይጠላል?

ሁለተኛ ሳምንቷን እንደያዘች ለክትትል ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። እውነቱን ልናገር? ለማስመርመር አልነበረም የሄድኩት፣ ጨርቄን ለማሳየት ነው። ሦስታችንም ለብሰን አጊጠን ነው የወጣነው። ስፖንጅ የታጠፉ ጨርቆች በቦርሳ ይዟል፤ ሲስተሯ ከወደደችው ለሌሎች እናቶች ልስፋ ይላል።

ሲስተሯ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያደረገች፣ ወሬ የማትወድ ሴት ናት። ሚጢን ስትፈታታ ስፖንጅ ስለ ድርቡ፣ ስለ ስፌቱ አስረዳት። «ጥሩ ነው» አለችው። ሚጢን ሚዛን ላይ አስቀመጠች። ሚዛኑን አየች፣ ካርዱን አየች፣ ሚጢን አነሣችና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሳ እንደገና አስቀመጠቻት።

«ተበላሽቶ ይሆናል» አለ ስፖንጅ። «ሞላው ሲደክም እንዲህ ያደርጋል።»

ሲስተሯ የሚጢን የሆድ ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቆመ። በገዛ ዓይኔ ነው ያየሁት፣ ቶሎ አልተመለሰም።

«በቀን ስንት ጊዜ ትሸናለች?»

ይኼን ጥያቄ እኮ ነበር ስንጠብቅ የነበረው። ስፖንጅ ፊቱ በራ። «ኧረ ሲስተር፣ እሷ ምን አላት። ትናንት አንድ ብቻ ነው ያጠብኩት።»

«ጨዋ ናት» አሉ አማቴ። «ቤት ውስጥ ልጅ ያለም አይመስል።»

«ጨርቁ ስለሚመጥ ነው» አልኩ እኔ፣ ድሉ ለአማቴ እንዳይሄድ።

የሲስተሯ እጅ ቆመ። ሦስታችንንም ተራ በተራ አየችን። ቀልዳችሁ ነው ብላ የምትጠይቀን መሰለኝ። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።

«ይቺ ልጅ ሽንት የላትም» አለች። «የምትሸናው ነገር ሆዷ አልገባም። ርቧታል።»

ርቧታል የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ መቀመጫ አጣ። ርሃብ እኛ ቤት? ልጄ ቀኑን ሙሉ ጡቴ ላይ ተለጥፋ እየዋለች? ሴትዮዋ የሌላ ሰው ካርድ አንሥታለች ብዬ ለማሰብ ሁሉ ሞክሬ ነበር።

«ትጠባለች እኮ» አልኩ በስንት መከራ።

«ትይዛለች እንጂ አትጠባም። ጫፉን ብቻ ነው የምትይዘው፣ ወተቱ አይመጣላትም። ያንን ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ታሰማለች?» ራሴን ነቀነቅኩ። «እሱ ባዶ መምጠጥ ነው። ቀላ ያለ ነገር ጨርቁ ላይ አይታችኋል?»

ስፖንጅ «ዝገት» አለ።

«ዝገት አይደለም። ሽንቷ ደርቆ ነው።»

«ታዲያ ለምን አታለቅስም?» አላት። ሊጣላት ምንም አልቀረው። «የራበው ልጅ ያለቅስ የለም እንዴ? እሷ አንድ ቀን እንኳ አላለቀሰችም።»

«ለማልቀስም ጉልበት ይፈልጋል፣ አባት» አለች ሲስተሯ። ሚጢን በፎጣ ጠቅልላ አቀፈቻትና እየተጣደፈች ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች።

ተከትያት ልሮጥ ስል አማቴን አየኋቸው። ወንበሩን በእጃቸው እየፈለጉ ነበር፣ ዓይናቸው ግን በሩ ላይ ነው። ያገኙት መሰለኝ። አላቆምኩም።

ውስጥ ሐኪም መጣ። ከተረከዟ ደም ወሰዱ፣ በዚያች ክር በምታህል ደም ሥሯ መርፌ አስገቡ። መርፌው ሲወጋት ፊቷን ጨመደደች፣ አፏን ከፈተች፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ያኔ ነው የገባኝ። ሲስተሯ ጡቴን በእጇ ይዛ እንዴት እንደሚታለብ አሳየችኝ፤ ወተቱን በትንሽ ስኒ ተቀብላ ጠብታ በጠብታ አፏ ውስጥ አደረገችላት። ወተት ነበረኝ። እዚያው፣ ከልጄ አፍ አንዲት ጣት በማትሞላ ርቀት ነበር።

«አሁን የምንጠብቀው ሽንቷን ነው» አለን ሐኪሙ። «ከሸናች ኩላሊቷ እየሠራ ነው፣ ትተርፋለች። ካልሸናች ወደ ትልቅ ሆስፒታል እንልካታለን።»

«እዚያስ ትድናለች?»

«መጀመሪያ እንጠብቅ» አለ።

ሲስተሯ ጨርቅ አምጡ አለች። ስፖንጅ ቦርሳውን ከፍቶ ያንን የኮራበትን ድርብ ጨርቅ አወጣና እጁ ላይ ይዞት ቆመ። ላዩን በመዳፉ ዳሰሰው። «ይኼ እኮ ብትሸናም አያሳየንም» አለ። መቀስ እስኪመጣ አልጠበቀም፣ የራሱን ስፌት በጥርሱ ይዞ ተረተረው። ሶፋ ቢቀመጡበት የማይለቅ ስፌት ነው። ፎጣውን ከፎጣው ገነጣጥሎ አንዱን ስስ ጥጥ ብቻ አስቀርቶ ሥሯ አነጠፈው፣ ከዚያ መዳፉን በጨርቁ ሥር አስገብቶ ተቀመጠ። ከንፈሩ በክሩ ተቆርጦ ይደማ ነበር፣ አላወቀም።

እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። አማቴ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ሲስተሯ ያንን ከተናገረች ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣቸውም። እኔ እፍረት መሰለኝ፣ እፍረታቸው ደግሞ ደሜን አፈላው። ልጄ ውስጥ እንደዚያ ሆና ማንን ልብላ? ራሴን በልቼ ጨርሻለሁ።

«እማማ» አልኳቸው። «እኔ አላውቅም፣ ገና የመጀመሪያዬ ነው። ልጅዎም አያውቅም። እርስዎ ግን ስንቱን ወልደው ያሳደጉ እናት አይደሉ? ጨዋ ናት ሲሉኝ እኮ አመንኩዎት። ይኼን እንዴት አያውቁም? ጨርቁ ደረቅ ሲሆን እንዴት አልደነገጡም?»

መናኸሪያ የለመደ ድምፅ ነው፣ ኮሪደሩ ሙሉ ሰማ። ወንበር ላይ የተቀመጡት እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው አስጠጉ። አማቴ ቀና ብለው አዩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ቢቆጡኝ ደስ ባለኝ። ትቻቸው ገባሁ።

ጠበቅን። ወተት አለብኩ፣ ሲስተሯ አጠጣቻት። እንደገና አለብኩ። ስፖንጅ እጁን ከዚያ አላነሣም፤ እጁ ደንዝዞ በሌላኛው እጁ ደግፎ ይዞታል። የሚጢን ደረት ነበር የማየው፣ ከፍ ዝቅ ሲል። ውይ፣ ሰው እንዲህ ያህል ሽንት ይለምናል? ቤት እያለን ጨርቋ ባልረጠበ ቁጥር የሳቅኩት ሳቅ ሁሉ በጉሮሮዬ ተመልሶ ይመጣ ነበር። ትሽናብኝ፣ ልብሴን ታበላሸው፣ አልጋውን ታርሰው፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሳጥብ ልኑር እል ነበር።

«ሞቀኝ» አለ ስፖንጅ።

ዞር ብዬ አየሁት።

«እጄ ደንዝዞ ይሆናል። ግን ሞቀኝ።»

ጨርቁን ገለጥነው። ረጥቧል። ስሱ ጥጥ ከዳር እስከ ዳር ረጥቦ በጣቶቹ መሀል ወርዶ እጅጌው ውስጥ እየገባ ነው። ስፖንጅ እጁን ሳያነሣ እንደዚያው እንደተቀመጠ አለቀሰ። እኔ ሳቄ ነው የመጣው፣ ሳቅ ይሁን ሌላ እንጃ። ሲስተሯ ጨርቁን አየች፣ አሸተተችው፣ «ጎበዝ» አለች ለሚጢ። ሐኪሙም መጣና የምንልካት አይመስለኝም አለን። ሚጢ እንደ መነጫነጭ አለች። ድምፁ ቀጭን ነው፣ ግን ለቅሶ ነው። እንደዚያ የሚጣፍጥ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ያኔ አማቴ ትዝ አሉኝ። ንዴቴ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደ ጉም በኖ ነበር፣ ደስታው ለሰው ሁሉ ይበቃል። ሮጬ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

«ሸናች፣ እማማ። ድናለች።»

«ሸናች?» አሉ። ከተደገፉበት ግድግዳ ተነሥተው ቀስ እያሉ ገቡ። አልጋው አጠገብ ሲደርሱ ሚጢን አላዩም፣ እርጥቡን ጨርቅ ነው ያዩት። በሁለት ጣታቸው ነኩት። ጣታቸውን አልጠረጉም።

«የእኔዋም ጨርቋ ደረቅ ነበር» አሉ።

ለሲስተሯ ነው የነገሯት። ስፖንጅ ግን ቀና አለ። «የአንቺዋ ማናት እማዬ?»

«ከአንተ በፊት የነበረችው።»

ስፖንጅ የበኩር ልጅ ነው። ዕድሜውን ሙሉ «የመጀመሪያዬ» ሲሉት ነው የኖረው፣ ለእኔም እንደዚያ ብለው ነው ያስተዋወቁኝ። አሁን እርጥቡን ጨርቅ እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«አትነዘንዘኝም፣ አታለቅስም፣ አታስቸግረኝም ነበር» አሉ። «ጎረቤቶቼ እጃቸው እስኪላጥ ሲያጥቡ እኔ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው። እነሱ የታደልሽ ይሉኛል፣ እኔም አመሰግን ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ስነካት ቀዝቅዛለች። ዕድሜዋ ነው አሉኝ። እኔም ዕድሜዋ ነው ብዬ ተቀበልኩ፤ ስንት ዘመን ዕድሜዋ ነው እያልኩ ኖርኩ።»

ሲስተሯ ወንበር አስጠጋችላቸው፣ አልተቀመጡም። እኔ ያንን ኮሪደር ላይ የጮህኩትን ጥያቄ ብቻ ነበር የምሰማው። እንዴት አያውቁም ብያቸው ነበር። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። እጃቸውን ያዝኩት፣ ያንን ያበጠውን እጅ። አልከለከሉኝም፣ መያዜንም ያወቁ አልመሰለኝም።

«ወተት ስላልነበረኝ ነው ብዬ እንኳ እንዳልጽናና» አሉ ለሲስተሯ፣ ልክ ሰው ስሕተቱን እንዲያርምለት እንደሚጠይቅ ሁሉ ቀስ ብለው። «ወተት እኮ ነበረኝ። ልብሴን እስኪያርሰው ይፈስ ነበር።»